በሽንት ውስጥ ስለሚገኘው የካናቢስ ትራፊ

ካናቢስ፥ በተለምዶም ሐሺሽ የሚባለው ዕፅ፥ ለጤና በተለይም ለወጣት አእምሮ የማይበጅ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ ላይ አንከራከርም። የምንነጋገርበት ጕዳይ ሌላ ነው። አንድ ሰው ሽንቱ ተመርምሮ የዚህ ዕፅ ምልክት ቢገኝበት፥ «ይህ ሰው ሰክሯል» ብሎ መፍረድ ይገባልን? እኛ አይገባም እንላለን።

አልኮልን ጉበት በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ያስወግደዋል፤ በደም ውስጥ የሚገኘውም መጠን ከስካሩ ጋር ተቀራራቢ ነው። የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር ግን ከውኃ ይልቅ ስብ ይወዳል። ስካሩ በሰዓቶች ውስጥ ቢያልፍም፥ ንጥረ ነገሩ በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማችና ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይመለሳል። ባለሙያ ሴቶች እንደሚያውቁት፥ ቅቤ የጠገበ ሸክላ ቢታጠብም እሳት ሲነካው ቅቤውን መልሶ ያወጣል፤ ይህም እንደዚያው ነው። በሽንት ምርመራ የሚገኘው ጉበት ለውጦ የሚጥለው ትራፊ ሲሆን፥ ይህ ትራፊ ራሱ አያሰክርም።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ያጨሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ወይም 4 ቀን ድረስ በሽንቱ ይታወቅበታል፤ ዕለት ዕለት የሚያጨስ ግን ካቆመ በኋላ እስከ 30 ቀን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገኝበታል። በጠጕር ደግሞ እስከ 90 ቀን ይደርሳል። ውኃ በብዛት፥ ወይም ሎሚና ኮምጣጤ በመጠጣት ይታጠባል የሚባለው ከንቱ ወሬ ነው፤ የቀጠነውን ሽንት ላቦራቶሪው ይለየዋል።

«ተገኘበት» የሚያሰኘውም ወሰን በሰው የተቈረጠ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር በናጋኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፥ ካናዳዊው ሮስ ሬባግሊያቲ በበረዶ ላይ ሸርተቴ ወርቅ ካገኘ በኋላ፥ በአንድ ሚሊሊትር ሽንቱ 17.8 ናኖግራም ተገኘ ተብሎ ሜዳሊያውን ተነጠቀ። ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ እጅ ነው። ወሰኑ 15 ነበር። ሜዳሊያው በይግባኝ ቢመለስለትም፥ የተመለሰው ደንቡ ለቅጣት በቂ መሠረት ስላልነበረው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት ወሰኑን ወደ 150 ከፍ አደረገ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሁካታ የተነሣበት መጠን ዛሬ ከቍጥር ባልገባ ነበር!

ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከባድ መኪና ይነዳሉ። በኮሎራዶ በ2012 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ ካናቢስ ለዐዋቂዎች ተፈቅዷል። ሆኖም የፌዴራሉ መንግሥት የከባድ መኪና ነጂዎችን ሽንት ያስመረምራል፤ የክፍለ ግዛቱን ፈቃድም እንደ ምክንያት አይቀበልም። ቅዳሜ ማታ በቤቱ ያጨሰ ሰው ሰኞ ቢመረመርና ቢገኝበት፥ አእምሮው የጠራ ቢሆን እንኳ ወዲያውኑ ከመሪው ይነሣል። በመንገድ ላይ ጥብቅ መሆንን አንነቅፍም፤ ይህን ሰው ሰክሮ ነዳ ብሎ ስሙን ማጥፋት ግን ሐሰት ነው።

የካሊፎርኒያ ሕግ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪዎች በማያሰክረው ትራፊ ብቻ ሠራተኛ እንዳያባርሩ ከልክሏል፤ እኛም ትክክለኛ ሆኖ አግኝተነዋል። ይሁን እንጂ በፌዴራል ደንብ የሚመረመሩትን ነጂዎች ይህ ሕግ አያድናቸውም። በዚያ አገር በሹፌርነት የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ብታስታውቁት መልካም ነው።