ስለ እድራችን ድንኳን አቀማመጥ

ድንኳናችን ከለቅሶ ቤት ሲመለስ እርጥብ እንደሆነ ተጠቅልሎ በዕቃ ያዡ ቤት ጥግ ይወረወራል። የጥጥ ሸራ ደግሞ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል፣ ቀጥሎም ይበሰብሳል። ማፍሰሱ የሚታወቀው በሐምሌ ዝናብ፣ ለቀስተኛው ከሥሩ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ምን ይደረጋል?

በእኔ አስተያየት ተረኛ አባላት (ሐዘንተኛውማ ምኑን ያሰጣል!) ጭቃውን በብሩሽ አራግፈው፣ በፀሐይ አድርቀው ያስረክቡ። በሳሙና መፈተግ ይቅር፤ ውሃ መከላከያውን ያስለቅቃል። ሸራው ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ ይቀመጥ እንጂ የእህል ጆንያ አጠገብ አይሁን፣ አይጥ ይጠራል። ካስማውና ገመዱ ተቆጥሮ ለብቻ ይታሰር። ላምባና ማሾ እዚያው ሸራው ላይ መደርደርስ? ኧረ ተዉ፣ በአንድ ክብሪት የስንት ዓመት መዋጮ ነው የሚነደው!

ጉዳዩ ክረምት ሳይገባ በእድሩ ስብሰባ ቀርቦ እንዲታይ እጠይቃለሁ።