ዘበኛው አባቴ ነው!

ሰሞኑን በዓልን ምክንያት አድርጌ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አምቦ ጎራ ብዬ ነበር። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ፣ ዘመድ አዝማድ ከተደላደለ በኋላ በዚህ ዘመን የሚቀር አንድ ነገር ነው፤ ፊልም ማየት! የእህቴ ልጅ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት ከለጠፈች አንዲት ጠባብ ሱቅ በ50 ብር ፍላሽ አስሞልቶ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት ሳንወጣ አየን። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ያየሁትንና የታዘብኩትን ሳልተነፍሰው ብቀር ያንቀኛልና አድምጠኝ።

መጀመሪያ የከፈትነው አንድ የአማርኛ ኮሜዲ ነው። ስሙን አልጠራም። አንዱን ለይቼ መውቀስ ስለማልፈልግ ብቻ ሳይሆን ርዕሱን ቢቀይሩት ሌላውም ያው ስለሆነ ነው። ቪላ ቤት አለ። ቪላው ውስጥ ሀብታም አለ። የሀብታሙ ልጅ በፍቅር ተነድፋለች። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ። የዘበኛው ካፖርት ከቁመቱ ይረዝማል። ስም የለውም። ከየት እንደመጣ የሚነግረን የለም፤ ግን አፉን ሲከፍት ይታወቃል፤ የእኛ አገር ሰው ነው! «አንተ» ማለት ሲገባው «አንቺ» ይላል፤ ሳቅ። ሞባይል ሲሰጡት ገልብጦ ይይዛል፤ ሳቅ። እመቤቲቱ ልጅዋ በሚሆን ሰው ፊት ትሰድበዋለች፤ አሁንም ሳቅ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አልዋሽም፤ ሁለት ጊዜ ስቄአለሁ። በሦስተኛው ላይ ግን ዓይኔ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው አባቴ ዞረ። አባቴ 19 ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። አማርኛው እስከ ዛሬ ይሰበራል። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ፊልሙ ሲያልቅ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ይሄ ሰውዬ ልጆች የሉትም እንዴ?»

መልስ የሰጠው አልነበረም። ምን ተብሎ ይመለስለታል? እኔ ዛሬ ብዕር የጨበጥኩት፣ ዲፕሎማዬን የያዝኩት በዚያ ሰውዬ ደመወዝ ነው። ቤታችን የገባውን የመጀመሪያ ቴሌቪዥን የገዛው ያ የተሳቀበት ካፖርት ነው!

«ቀልድ እኮ ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቀልድ አንድ ጊዜ ሲነገር ቀልድ ነው። መቶ ጊዜ ሲነገር ግን ትምህርት ይሆናል። አምቦን ረግጦ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ከዚያ ፊልም የሚማረው ምንድን ነው? ኮሌጅ በገባሁበት ሳምንት አንዱ «ከየት ነህ?» አለኝ። «ከአምቦ» ስለው ሰላምታ አልሰጠኝም፤ ያንን የፊልም ድምፅ አስመስሎ አወራልኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በኋላም ወዳጅ ሆነናል። ያስተማሩትን ነበር የደገመው።

ደግሞ ይህን የአንድ ብሔር ሙሾ አድርጎ የሚወስድብኝ እንዳይኖር! የጎጃሙ ባላገር ከሰሌን ባርኔጣው ጋር ለሳቅ ይቀርባል። ጉራጌው ከሳንቲሙ ጋር ይቀርባል። ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛማ ሰሐን ሳትሰብር የምታልፍበት ፊልም ካለ ንገሩኝ። ነገሩ የከተሜ ደራሲ በር ላይ ቆሞ የሚያገለግለውን ሰው ቀና ብሎ ማየት አለመቻሉ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ምን መሰላችሁ? አማርኛ አይችልም ተብሎ የሚሳቅበት ይህ አገር ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅንን ያፈራ አገር ነው። ፀጋዬ የተወለደው እዚሁ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ላይ ነው። ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ያናገራቸው፣ አማርኛን በመድረክ ላይ ያነገሠው ኦሮምኛ እየሰማ ያደገ የእኛ አገር ልጅ ነው! ይህን እያወቁ ነው እንግዲህ በር ላይ አቁመው የሚስቁብን።

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እኛ ልጆች ሳለን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ፊልም የምናየው ቪዲዮ ቤት ነበር። በጆንያ የተጋረደ ጨለማ ክፍል፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። 50 ሳንቲም ከፍለን ቫንዳምን፣ ጃኪ ቻንን፣ ራምቦን እናይ ነበር። ቋንቋው አይገባንም፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ እየገመተ ይተረጉምልናል። «አክተሩ አይሞትም!» እንባባላለን። አንዳንዴ ዱላ የያዘ ሰው መጥቶ ይበትነናል፤ ቪዲዮ ቤት ልጅ ያበላሻል ተብሎ። ጥሩ፤ ያበላሽ ይሆናል። ታዲያ ያልተበላሸው የት ነበር? ከሆለታ እስከ ባኮ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በጌዶ ለሚኖረው ልጅ ከቪዲዮ ቤት ሌላ ምን አዘጋጅተውለት ነበር? በዚያ ሁሉ ዓመት «አክተሩ» የእኛን መልክ ይዞ፣ እኛን መስሎ ሲመጣ አንድም ቀን አላየሁም። የእኛ ሰው ሲመጣ ካፖርት ለብሶ ነው።

በሁለተኛው ቀን እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁትን አወጣሁ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። በ1966 ዓ.ም. የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም ነው። እውነቱን ልናገር፤ ቀርፋፋ ነው፤ ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጥለውን ወጡ። አባቴ ግን ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ። ባለርስቱ ተቀምጦ ይሳደባል፤ ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ያርሳል። አባቴ የጭሰኛ ልጅ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ወጣት ነበር፤ የእሱ አባት እህል እየሰፈረ ለባለርስት ሲያስገባ በዓይኑ አይቷል። «እንዲህ ነበር» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «እንዲሁ ነበር» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በዚያ ፊልም ውስጥ ከበበ የሚባል ሰው አለ፤ መንደሩ እንደ እብድ የሚቆጥረው። የእኛ ዘመን ደራሲ ቢያገኘው ኖሮ ካፖርት አልብሶ ያስቅበት ነበር። ኃይሌ ግን እውነቱን ሁሉ በእሱ አፍ አናገረው። ልዩነቱ ይኸው ነው! ገንዘብ አይደለም፣ ካሜራ አይደለም፤ አስተያየት ነው።

ማታ «ጤዛ»ን አየን። እናቴ እስከ መጨረሻው አልተነሣችም። በደርግ ዘመን ልጆች ከአፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ ስታይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ወንድሟ ከገበያ ተወስዶ የቀረ ነውና። «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ ሁለት ሽልማት ወሰደ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ተቀዳጀ። እናቴ ግን ፊልሙ መኖሩን የሰማችው አሁን ነው። ቬኒስ ያየውን እናቴ አላየችውም! ይህ የእሷ ጥፋት ነው?

በሦስተኛው ቀን ለእህቴ «ድፍረት»ን ከፈትኩላት። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። አርሲ ውስጥ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ በቀረበች የ14 ዓመት ልጅ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። በ2014 በፈረንጆቹ፣ ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። አዲስ አበባ ላይ ግን በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ተመልካች ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት እገዳ ተቋረጠ። እህቴ አለቀሰች። ጥሩ ፊልም ነው። አንድ ነገር ግን ጆሮዬን ቆረቆረው፤ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በአማርኛ ይከራከራሉ። አርሲ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ በምን ቋንቋ እንደሚማከር አገር ያውቃል። ኦሮምኛ ሰው ሲሳቅበት በአነጋገር ዘዬ ይመጣል፤ ሰው ሲፈርድ፣ ሲመክር ግን ይጠፋል። ለምን?

«ታዲያ በቋንቋችሁ ሥሩ!» ትሉኝ ይሆናል። እየተሠራ ነው። ወጣቶቹ በተዋሱት ካሜራ፣ በእናታቸው ጓዳ ውስጥ ይሠራሉ። እዚህ ላይ ግን እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ያ የእህቴ ልጅ የከፈለው 50 ብር የት ገባ? ፍላሽ ለሚሞላው ገባ! ለደራሲው ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ይኸው አዋጁ በወረቀት ላይ ነው፤ ፍላሹ በኪሳችን ነው። የራሳችንን ልጅ ሥራ በነፃ እየወሰድን «የእኛ ፊልም ለምን የለም?» ብንል ማን ይሰማናል?

ሕዝቡ ራሱን ማየት አይፈልግም እንዳይሉኝ ደግሞ ማስረጃ አለኝ። የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጂራ»ን በ2007 ዓ.ም. ሲለቅ ያ ክሊፕ በየቤቱ እየተመላለሰ ታይቷል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሲገደል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ፤ ክሊፑ ግን ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ መዞሩን አላቆመም። ሰው ራሱን በክብር ሲያይ እንዲህ ነው።

እናቴ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቃና ከመጣ ጀምሮ፣ በአማርኛ የሚናገሩ ቱርኮችን ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ስም አለው። ምግብ አብሳይዋ ልጅ አላት፣ ሕልም አላት፣ የሚወዳት ሰው አላት። የባዕድ ዘበኛ ስም ኖሮት የእኛው ስም አልባ ሲሆን አያሳፍርም?

አሁን ለሹማምንቱ አንድ ቃል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው ጊንጪ ደርሶ እንደሆነ የጊንጪ ልጅ ይንገረን! ሲኒማ ቤት ገንቡ አልልም፤ በጀት የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን አዳራሽ አላችሁ። ስብሰባ ሲጠራ ቁልፉ ይገኛል፤ ድምፅ ማጉያው ይሠራል፤ ፕሮጀክተሩ ይበራል። ዲስኩራችሁን ለማሰማት የሚበራው ፕሮጀክተር በወር አንድ ቅዳሜ ማታ «ጤዛ»ን ለማሳየት ለምን ይጠፋል? ለባለፊልሙ የሚገባውን ክፈሉ፣ ሕዝቡንም ትንሽ አስከፍሉ፤ ይከፍላል። ለቪዲዮ ቤት ከፍሎ አድጓል።

ለፊልም ሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ዘበኛውን አውጡት አላልኩም። ዘበኛ አለ፤ አባቴም ነበር። ሌሊት በብርድ ማን ሰክሮ እንደገባ፣ ማን ሲያለቅስ እንዳደረ የሚያውቀው እሱ ነው። ከሀብታሙ ልጅ ፍቅር የሚበልጥ ታሪክ እዚያ በር ላይ ቆሟል። ስም ስጡት። ደመወዙን ተቀብሎ ወዴት እንደሚልከው አሳዩን። አንድ ጊዜ እንኳ በቋንቋው ለልጁ ስልክ ሲደውል አሰሙን፤ ያኔ አማርኛው ቢሰበርም ሰውየው እንደማይሰበር እናያለን። ከዚያ በኋላ ሊያስቀንም ይችላል፤ አባቴ እኮ ሲቀልድ ጎረቤት ይሰበስባል!

ከአምቦ በምመለስበት ጠዋት የእህቴ ልጅ ፍላሹን ለመሙላት ሲወጣ አባቴ ጠራው። «ያንን የካፖርት ሰውዬ ፊልም አታምጣ» ሊለው ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «ያ ጥቁርና ነጩ፣ የጭሰኛው፣ ሁለተኛ ክፍል ካለው ጠይቅልኝ» አለው።

የለውም፣ አባባ። የሚሠራው ሰው እስኪነሣ እየጠበቅን ነው።

ቸር ይግጠመን!