ማሽኑ ጭብጨባችንን አያውቅም፤ እናስተምረው

ባለፈው ዓመት ጅግጅጋ አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ጣቱ ይበራል። ከጀርባው የሚመታው ምት ግን የሱ አይደለም፤ ኪቦርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣ ነው። አንዷን ቁልፍ ተጫነ፣ ምቱ ጀመረ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያው እሱ ነው። ዳንቶ ሲጀመር ሴቶቹ በጭብጨባ የራሳቸውን ምት ያዙ። ለትንሽ ጊዜ ጭብጨባውና ማሽኑ ተጋጩ። ከዚያ ጭብጨባው ተሸነፈ፤ ሁሉም ሰው ማሽኑን ተከትሎ ማጨብጨብ ጀመረ።

ለብዙ ሰው ነገሩ ምንም አይደለም። ለኔ ግን ጥያቄ ጥሎብኝ ሄደ፦ ማሽኑ የኛን ምት የማይመታው ስለማይችል ነው ወይስ ያስተማረው ስለሌለ?

መልሱን ያገኘሁት ሞዱላር ሲንተሳይዘር መነካካት ስጀምር ነው። ስሙ አያስፈራችሁ። ኪቦርድ ምግቡን አብስሎ ያቀርብላችኋል። ሞዱላር ግን ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውን ለየብቻ አስቀምጦ «በሉ እናንተው ሥሩት» ይላል። እያንዳንዱ ሞጁል አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ እናንተ በኬብል ታገናኟቸዋላችሁ። ግንኙነቱ ፓች ይባላል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 ይዞት ከወጣ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም።

«ብሩ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንድ ሞጁል ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ሳጥኑ፣ ኃይል ሰጪው፣ ቀረጡ ሲጨመር ለኛ የማይታሰብ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቪሲቪ ራክ የሚባል ፕሮግራም አለ። ያንኑ ሞጁልና ኬብል ስክሪን ላይ ያመጣላችኋል፤ ነፃ ስሪትም አለው። ኮምፒውተራችሁ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ ሳንቮክስ አለ፤ በቀላል ማሽን ላይ ይሠራል፣ በኮምፒውተር ነፃ ነው፣ በስልክ ግን ይሸጣል። የጓደኛ አሮጌ ላፕቶፕ ለሳምንት ብትለምኑ ለመጀመር ይበቃል።

ገንዘብ አንድ ችግር ነው፤ ከዚያ የባሰ ግን ሌላ አለ። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የሌላ ሰው የሠራውን፣ ስድሳ ሞጁል ያለበትን ፓች አውርጄ ከፈትኩ። ድምፁ ግሩም ነው። አንዱን ኬብል ስነቅል ሁሉም ነገር ዝም አለ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ያኔ ገባኝ። የሰው ምት ጭኜ ቁጭ ብያለሁ። ከሠርጉ ኪቦርድ በምን ተለየሁ?

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ በአምስት ሞጁልና በአምስት ድምፅ ጀምሩ፤ ምቱን ደግሞ ከጭብጨባ ውሰዱ።

አምስቱ ሞጁሎች እነዚህ ናቸው። ኦሲሌተሩ ጉሮሮ ነው፤ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ፊልተሩ አፍ ነው፤ «ኡ» ብላችሁ ወደ «አ» ስትከፍቱ ድምፁ እንደሚለወጠው ያለ ሥራ ይሠራል። ቪሲኤ የሚባለው የውሃ ቧንቧ መክፈቻ ነው፤ ድምፁን ያሳልፋል፣ ይዘጋል። ኤንቨሎፑ ያንን መክፈቻ የሚያዞረው እጅ ነው፤ ቶሎ ይክፈት ወይስ ቀስ ብሎ፣ እሱ ይወስናል። አምስተኛው ሲከንሰሩ ነው፤ እሱ አውጪው ነው፣ ሌሎቹ ተቀባይ። በየእርምጃው ሁለት ትእዛዝ ይልካል፦ አንዱ ለኦሲሌተሩ «እዚህ ድምፅ ላይ ሁን»፣ ሌላው ለኤንቨሎፑ «አሁን!»።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልተሰማኝም። ሁሉም መብራት ብልጭ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። ለካ ከኤንቨሎፑ ወደ ቪሲኤው የሚሄደውን ኬብል ረስቼዋለሁ፤ ቧንቧው አለ፣ የሚከፍተው እጅ የለም። እናንተም ዝም ሲልባችሁ ከድምፅ ማውጫው ተነስታችሁ ወደኋላ አንድ በአንድ ተከተሉ። ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ አምስቱ ድምፅ እንምጣ። በሞዱላር ዓለም አንድ ቮልት ማለት አንድ ኦክታቭ ነው። ትዝታን ለማግኘት የሲከንሰሩን ቁልፎች 0፣ 0.17፣ 0.33፣ 0.58 እና 0.75 ላይ አድርጉ። ቪሲቪ ራክ ላይ ቁልፉን በማውሱ ቀኝ ተጭናችሁ ቁጥሩን መጻፍ ትችላላችሁ። ከዚያ ሁለቱን ብቻ ቀይሩ፤ 0.17 ወደ 0.42፣ 0.75 ደግሞ ወደ 0.92። ባቲ ሆነ! ሁለት ቁልፍ አዙራችሁ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ተሻገራችሁ። የሶማሊ ዜማም በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ ጅግጅጋም፣ ሺኒሌም፣ ቀብሪበያህም ያለ ጆሮ ይሄን አያጣውም።

ምቱስ? ስልካችሁ የሚጠቅመው እዚህ ነው። አያታችሁ ስታጨበጭብ ቅረጹ። አዳምጡ፤ በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ ቁጠሩ። ጭብጨባው ባለበት እርምጃ ላይ ቁልፉን አብሩ፣ በሌለበት አጥፉ። ሲከንሰሩ ስምንት እርምጃ ስላለው የግድ ስምንቱን መጠቀም የለባችሁም፤ ቁጥሩን መቀነስ ይቻላል። እኔ በጣም የወደድኩት ዘዴ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሌላ ሲከንሰር ጨምሩና አንዱ ዜማውን በአምስት እርምጃ፣ ሌላው ምቱን በስድስት እርምጃ ይሂድ። ሁለቱን በአንድ ሰዓት እንዲቆጥሩ አድርጓቸው። እንደገና አንድ ላይ የሚገናኙት ከ30 እርምጃ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ቁልፍ ይዛችሁ ሰው የማይሰለቸው ነገር ታወጣላችሁ።

«ማሽን ባህላችንን ያበላሻል» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሠርጉን እኔም አይቻለሁ። ግን የአካባቢያችን ታሪክ ሌላም ነገር ይነግረናል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ የሀገሩን ዜማ ቀረጸ፤ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ተደነቀ። ከኛ ድንበር ማዶም እንደዚሁ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የሶማሊ ባንዶች ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ታቅፈው ዜማቸውን አልጣሉም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ ወደዚህ ሸሸ፤ ሐርተሼክ የድንኳን ከተማ ሆነች። የሬዲዮ ሐርጌሳ ቅጂዎች ደግሞ ተደብቀው፣ መሬት ውስጥ ተቀብረው ጭምር ተረፉ። እንዲህ ከተረፉት ቅጂዎች የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» በሚል አልበም ወጥተው ለግራሚ ታጩ። ሰው ሞት እያንዣበበበት ካሴት የሚቀብረው የራሱ ድምፅ ስለሆነ ነው። የፋብሪካ ምትማ ማን ይቀብረዋል?

አንድ ነገር አልዋሻችሁም። ሲከንሰር ግትር ነው። የእናቶች ጭብጨባ ትንሽ ይዘገያል፣ ትንሽ ይቀድማል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። በእኩል የተከፋፈለ እርምጃ ያንን ሁሉ አይዝም። ግን ልዩነቱን የምታውቁት ለመያዝ ስትሞክሩ ነው። እኔ ዳንቶን ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ጭብጨባው የት ላይ እንደሚወድቅ ልብ ብዬ የቆጠርኩት ግን ማሽን ላይ ላስገባው ስል ነው።

የሠራሁትን ምት በፍላሽ ለዚያ ኪቦርድ ተጫዋች ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ሻይ ቤት አገኘሁትና «እንዴት ነው?» አልኩት። ፊቱን አኮማተረ። «ዘገምተኛ ነው። እናቴ ከዚህ ትፈጥናለች። ደግሞ ሦስተኛዋ ጭብጨባ ቦታዋ እዚያ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛውን እየመታ ያሳየኝ ጀመር። አጠገባችን የነበረው የባጃጅ ሹፌር ደግሞ «ኧረ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» ብሎ ገባበት።

ሻዩ ቀዘቀዘ። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ።