ሙግት፦ የአውስትራሊያን ሱፍ የጣለው የዋጋ ወለሉ ነውን?

መንግሥት «ይህ ምርት ከዚህ ዋጋ በታች አይሸጥም» ብሎ ሲወስን የሚጠቀመው ማን ነው? የሚጎዳውስ? በግ አርቢው ነው ወይስ ሱፉን ገዝቶ የሚፈትለው ፋብሪካ? አውስትራሊያ ከ1974 እስከ 1991 ለሱፍ የዋጋ ወለል አበጅታ ነበር። ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ወለል ላይ ተቃራኒ አቋም ይዘው ይሟገታሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም በአውስትራሊያ ሳንቲም፣ ታጥቦ ለተጣራ አንድ ኪሎ ሱፍ የተሰሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ አዎ፣ ወለሉ ነው

የወለሉን አሠራር ለመረዳት ከጨረታው ቦታ መጀመር ይሻላል። የተሸለተው ሱፍ በቦንዳ ታስሮ፣ ናሙናው በመሣሪያ ተለክቶ ለገዢ ይቀርባል። የአውስትራሊያ ሱፍ ኮርፖሬሽን በመቶዎች ለሚቆጠሩ የሱፍ ዓይነቶች፣ እንደ ጸጉሩ ቅጥነት፣ እንደ ርዝመቱና እንደ ንጽሕናው፣ ለእያንዳንዱ አነስተኛ ዋጋ አስቀድሞ ጽፎ ይዟል። ነጋዴዎቹ የሚጠሩት ከተጻፈው በታች ከሆነ ቦንዳውን ኮርፖሬሽኑ ራሱ ገዝቶ መጋዘን ያስገባዋል፤ ገበያው ሲሞቅ አውጥቶ ይሸጠዋል። ወጪውን የሚሸፍነው አርቢው ከሽያጩ ላይ የሚቆረጥበት መዋጮ ነበር። አርቢዎቹ ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም፤ በ1951 እና በ1965 ተጠይቀው ሁለቴም በድምፅ ውድቅ አድርገውታል። ልባቸውን ያራራው በ1970 አካባቢ የመጣው ብርቱ የዋጋ ውድቀት ነው።

አርቢው የፋብሪካውን ችግርና ፍላጎት የሚያውቀው በዋጋ ነው። ፋብሪካው ገዢ ሲያጣ የሱፍ ዋጋ ይወርዳል፣ አርቢውም በጎቹን ይቀንሳል። ወለሉ ይህን ወሬ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። በ1988 የገበያው ዋጋ ከ1,200 ሳንቲም በላይ በወጣበት ጊዜ ወለሉም ከ645 ወደ 870 ሳንቲም ተሰቀለ፤ በአንድ ጊዜ 35 በመቶ ያህል ማለት ነው። አርቢው የሰማው «የቻልከውን ያህል አርባ፣ ከ870 በታች አትሸጥም» የሚል ቃል ነበርና አረባ። ስንዴ ይዘራበት የነበረ መሬት ሳይቀር ለግጦሽ ዋለ፤ የአገሪቱ በግ ወደ 170 ሚሊዮን ደረሰ፤ የዓመቱ የሱፍ ምርት ከአንድ ሚሊዮን ቶን አለፈ። አርቢውን አልወቅሰውም። የመንግሥትን ቃል አምኖ የሠራ ሰው ነው።

ፋብሪካውስ ምን አደረገ? በጣሊያን በቢየላና በፕራቶ፣ በእንግሊዝ በብራድፎርድ፣ እንዲሁም በጃፓን ያሉ የሱፍ ፋብሪካዎች የጥሬ ዕቃቸው ዋጋ በእጥፍ ስለጨመረ ብቻ ሙሉ ልብስ የሚገዛውን ሰው እጥፍ ክፈል ሊሉት አይችሉም። ያላቸው አማራጭ የሱፉን መጠን ቀንሶ ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ መቀላቀል ነው። አርቢ ሲከፋው ማኅበሩ ይጮኽለታል፣ ሚኒስትሩ ዘንድ ይገባል። ፋብሪካ ሲከፋው ግን ድምፁን ሳያሰማ ቅልቅሉን ይቀይራል። አንዴ ማሽኑን ካስተካከለ፣ ማቅለሚያውን ከለመደና ደንበኛው ያንን ጨርቅ ወዶ ከለበሰ በኋላ ሱፍ ረከሰ ተብሎ ወዲያው አይመለስም። ገበያው በራሱ ጊዜ ቢሰቅለው ኖሮ ውድነቱ ገዢ አባርሮ ዋጋውን መልሶ ያወርደው ነበር። ወለሉ መውረጃውን ዘጋው። ሌላም ጉዳት አለ። ጠንቃቃ ፋብሪካ ለክፉ ቀን የራሱን ክምችት ይይዛል፤ መጋዘን የሚሞላለት ሌላ አካል ካለ ግን ገንዘቡን በሱፍ ላይ የሚያስርበት ምክንያት የለውም። በ1990 ወለሉ ሊቀነስ ነው የሚለው ወሬ ሲበረታ ገዢው ሁሉ ከእጅ ወደ አፍ እየገዛ መጠበቅ ጀመረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወለሉ ወደ 700 ሳንቲም ሲወርድ ደግሞ አንዴ የተነካ ወለል ዳግመኛ እንደሚነካ ሁሉም ገባውና ሁለተኛውን ቅነሳ ጠበቀ። በእነዚያ ወራት የገበያው ዋና ገዢ ኮርፖሬሽኑ ራሱ ሆኖ ቀረ።

የወለሉ ደጋፊዎች ጥፋቱን በቻይናና በሶቪየት ኅብረት ላይ ይጭኑታል። ቻይና ከ1989ኙ የቲያንአንመን ቀውስ በኋላ፣ ሶቪየት ኅብረትም የውጭ ምንዛሬ ሲያጥራት ግዢያቸውን መቀነሳቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወለሉ የቆመው እንዲህ ላለው ቀን ነው ተብሎ አልነበረምን? ለክፉ ቀን የተሠራ ነገር በክፉ ቀን ከወደቀ ክፉው ቀን ሰበብ ሊሆነው አይገባም። ማስጠንቀቂያውም ቀድሞ መጥቶ ነበር። በተመሳሳይ መንገድ እየገዛ እያከማቸ የቆርቆሮ ማዕድንን ዋጋ ሲደግፍ የኖረው ዓለም አቀፉ የቆርቆሮ ምክር ቤት በ1985 ለንደን ላይ ገንዘቡ አልቆ፣ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፈርሷል። አውስትራሊያ ራሷ የዚያ ምክር ቤት አባል ነበረች።

ሒሳቡን የከፈለው ይጠበቃል የተባለው አርቢ ነው። መዋጮው በአጭር ጊዜ ከእጥፍ በላይ ጨመረበት። የበጎቹ ሥጋ የማጓጓዣውን እንኳ አላወጣ ሲል ጉድጓድ እየተቆፈረ ሚሊዮኖች በተኩስ ተገድለው ተቀበሩ። በ1991 መጀመሪያ ወለሉ ሲነሳ በመጋዘን 4.7 ሚሊዮን ቦንዳ፣ በመዝገብ ደግሞ ከ2.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ዕዳ ነበር። የመጨረሻው ቦንዳ የተሸጠው በ2001 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ፋብሪካ ለድርድር ሲቀመጥ ያ ክምር እንዳለ እያወቀ ነበር፤ አዲስ ሱፍ ያመጣው አርቢም የሚወዳደረው ከራሱ የትናንት ምርት ጋር ነበር።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ አይደለም፣ ወለሉን ጣሪያ ያደረጉት ናቸው

ባልደረባዬ ስለ መጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የጻፉት ትክክል ነው። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም፤ ከ1974 እስከ 1987 ያሉትን ዓመታት በዝምታ አልፈዋቸዋልና። በእነዚያ ዓመታት ኮርፖሬሽኑ በቀዝቃዛው ገበያ ገዝቷል፣ በሞቀው ሸጧል፤ መጋዘኑ ሞልቶም ጎድሎም ያውቃል። በ17 ዓመት ዕድሜ ውስጥ 13ቱን በአግባቡ የሠራን ሥርዓት በመጨረሻው አወዳደቁ ብቻ መፍረድ ፍትሕ አይደለም።

ፋብሪካን ከውድነት ይልቅ የሚጎዳው የዋጋ መዋዠቅ ነው። የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ናሙናውን ለልብስ ሰፊዎች አሳይቶ በተወሰነ ዋጋ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከዚያ ሱፉን ይገዛል፣ ያጥባል፣ ያበጥራል፣ ይፈትላል፣ ያቀልማል፣ ይሸምናል። ጨርቁ ልብስ ሆኖ ሱቅ እስኪሰቀል ዓመት ያልፋል። በመሐል የሱፍ ዋጋ ቢሰቀል ፋብሪካው በውሉ ታስሮ ይከስራል። ቢወድቅ ደግሞ ዘግይቶ የገዛው ተፎካካሪው በርካሽ ይቀድመዋል። ሁለቱም የደረሱት ወለል ባልነበረበት ጊዜ ነው። የኮሪያ ጦርነት በ1950 ሲጀመር የሱፍ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተንኮታኮተ። ዱፖንት ፖሊስተር በስፋት የሚያመርት ፋብሪካ የከፈተው በ1953 ነው። ሻጩ ለወራት የማይነቃነቅ የዋጋ ዝርዝር ይዞ ሲመጣ፣ በሱፍ የተቃጠለ የፋብሪካ ባለቤት ለምን እንደተቀበለው ለመረዳት አይከብድም። ሱፍን ለሰው ሠራሽ ክር ያስረከበው ያ መዋዠቅ ነው፤ በሩን የከፈተውም ነፃው ገበያ ነው።

ክምችት ይዞ በብልሃት መሸጥ እንደሚቻልም ማስረጃ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ያቋቋሙት የጋራ ድርጅት በጦርነቱ ዘመን የተጠራቀመ 10 ሚሊዮን ያህል ቦንዳ ተረክቦ፣ የአዲሱን ሱፍ ዋጋ ሳይጥል፣ እስከ 1951 ሸጦ ጨርሶ አትርፏል። ያ ክምር ባልደረባዬ ካስፈሩን ክምር በእጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ በ1987 ምን ተለወጠ? እስከዚያ ድረስ የወለሉን ዋጋ የማጽደቅ የመጨረሻው ሥልጣን የሚኒስትሩ ነበር። በዚያ ዓመት ሥልጣኑ ወደ አርቢዎቹ ምክር ቤት ዞረ። ሻጩ የራሱን አነስተኛ ዋጋ እንዲወስን ሲፈቀድለት፣ ያውም ገበያው በታሪኩ እጅግ በሞቀበት ሰዓት፣ 870 ሳንቲም መውጣቱ አያስደንቅም። ዋጋውን በሚወስነው ምክር ቤት ውስጥ ፈታዩም ሸማኔውም ወንበር አልነበራቸውም። ክምችቱ ከዚህ በላይ እንዳያልፍ፣ ብድሩም ከዚህ እንዳይበልጥ የሚያግድ ጠንካራ ገደብ አልነበረም። እኔ የምሟገትለት ወለል ካለፉት በርካታ ዓመታት አማካይ ዋጋ በታች የሚሰላ፣ ክምችቱ በሕግ የተገደበ፣ ፋብሪካዎችም ድምፅ የሚሰጡበት ነው።

አርቢው ዋጋን አስቀድሞ በሚቆርጥ የወደፊት ግብይት ውል ራሱን ይጠብቅ የሚሉ አሉ። ሲድኒ ላይ የሱፍ የወደፊት ግብይት ከ1960 ጀምሮ ነበር፤ ለትልልቅ ነጋዴዎችም ጠቅሟል። ነገር ግን ውሉ የሚጻፈው በተወሰነ የሱፍ ዓይነት ላይ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ እርሻ ሱፍ ከዚያ ዓይነት በወፈረ ወይም በቀጠነ ቁጥር ዋስትናው ይሳሳል።

መከላከያ ሲነሳ የሚሆነውን ደግሞ ከአውስትራሊያ ይልቅ እኛ እናውቀዋለን። በሐምሌ 1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኤክስፖርት ኮታ ሲታገድ የቡና ዋጋ በወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። ያኔ ኢትዮጵያ ከውጭ ንግድ ገቢዋ ከግማሽ የሚበልጠውን ታገኝ የነበረው ከቡና ነው። ቡና ተክሎ ፍሬ ለማየት ሦስትና አራት ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ በሦስት ወር ለወረደ ዋጋ ምን ምላሽ ሊሰጥ ይችላል? የበግ መንጋም በአንድ ጀምበር አይበዛም፣ አይቀንስም። ወለሉ ከተነሳ ወዲህ ያለውን የሱፍ ገበያም እንመልከት። በነሐሴ 2018 ከ2,100 ሳንቲም በላይ የነበረው ዋጋ በመስከረም 2020 ወደ 860 ወርዷል። የአገሪቱ በግ ከ170 ሚሊዮን ወደ 70 ሚሊዮን አካባቢ ተመናምኗል። ሱፍ ዛሬ ከዓለም የጨርቃ ጨርቅ ክር 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ነፃ የወጣው ገበያ ለአርቢውም ለፋብሪካውም ያመጣው ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የጦርነቱ ዘመን ክምችትና የቡናው ኮታ ጥሩ ማስረጃ መስለው ቢታዩም ሁለቱም ከሱፉ ወለል ይለያሉ። የጋራ ድርጅቱ የተረከበው መጠኑ የታወቀ ክምር ነበር፤ ማንም አርቢ ለእርሱ ብሎ ተጨማሪ በግ አላረባም። ኮታው ደግሞ አቅራቢውን ከዚህ በላይ አትላክ ይለዋል። የሱፉ ወለል ዋጋውን አሥሮ መጠኑን ለቀቀው፤ ክምሩን የወለደው ይኸው ነው። ባልደረባዬ በሕግ የተገደበ ክምችት ይላሉ። መጋዘኑ ገደቡ ላይ በደረሰ ማግስት ግን ወለል የለም፤ ገዢዎች ደግሞ ገደቡ መቃረቡን ቆጥረው እጃቸውን ይሰበስባሉ። በ1990 የሆነው ቀደም ብሎ ይሆናል እንጂ አይቀርም። የ2020ውን ውድቀት የጠቀሱት ቀጣዩን ዓመት ሳይጨምሩ ነው። ወረርሽኙ የልብስ ሱቆችን ዘግቶ ዋጋው ወደ 860 ወረደ፤ በ2021 ከ1,300 በላይ ተመለሰ። ብዙ አርቢም ሱፉን በራሱ መጋዘን አቆይቶ ክፉውን ጊዜ አሳለፈ። የተረፈ ክምር የለም፣ አሥር ዓመት የሚከፈል ዕዳ የለም፣ በተኩስ ተገድሎ የተቀበረ መንጋ የለም።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

ወለል ያለ መጠን ገደብ ሊቆም እንደማይችል እስማማለሁ፤ ስለዚህም ገደብ ላለው ወለል ነው የተሟገትኩት። ገዢ ገደቡን ቆጥሮ ይጠብቃል የሚለው ስጋት ወለሉ ከገበያው ዋጋ ጋር ሲተሻሽ ለነበረበት ለ1990 እውነት ነው። ከአማካይ ዋጋ በብዙ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ወለል ግን በአብዛኛው ዓመት ገበያውን አይነካውም፤ መጋዘኑም የሚሞላበት ፍጥነት የዚያን ያህል አይደለም። ባልደረባዬ አርቢው በ2020 ሱፉን አቆየ ብለዋል። ያቆየው የትኛው አርቢ ነው? ያለ ዕዳ የሚኖረው፣ የበጎቹን መኖና የሸላቹን ደመወዝ ከሌላ ገቢ የሚከፍለው ነው። ባንክ የሚጠብቀው በ860 ሸጧል፤ ያልቸኮለው በ1,300 ሸጧል። የማከማቸቱ ወጪና ትርፍ አልጠፋም፤ ለሁሉም በጋራ ከሚሠራው ተቋም ወጥቶ ገንዘብ ላለው ብቻ ተሰጠ። ኮርፖሬሽኑ በ13ቱ ደህና ዓመታት የሠራው ያንን የመጠበቅ አቅም ለትንሹ አርቢ ማድረስ ነበር።