የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጀምረው 2ኛ ክፍል ነው

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ አገር ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30 ሺህ ያነሱ፣ በመቶኛ 3.3 ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በለጡ። በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ። ይሁንና በ2017ም የማለፊያውን ነጥብ ያገኘው ከአሥራ ሁለት ተፈታኝ አንዱ ብቻ ነበር።

ልጆቻችን በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት አልሰነፉም። ኮቪድና ጦርነት ብዙዎቹን ከትምህርት ገበታ አርቀው ነበር፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ትልቁ ለውጥ ግን የፈተናው አሰጣጥ ነው። የፈተና ስርቆትና ኩረጃ ያስቸገረው ትምህርት ሚኒስቴር ተፈታኞቹን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ፈተናቸው። ለዓመታት በሪፖርት ካርድ ላይ ተሸፍኖ የኖረው ክፍተት ያኔ በአደባባይ ታየ።

ከዚያ ወዲህ አቅም ያለው ወላጅ ሁሉ ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ይደነግጣል። አስጠኚ ይቀጥራል፣ ቲቶሪያል ያስገባል፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን እየገዛ ያስጠናል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን የወላጅ ገንዘብም ጭንቀትም የሚፈሰው በጊዜው ሳይሆን ከዘገየ በኋላ ነው። ልጅን ለዩኒቨርሲቲ የማዘጋጀት ዋናው ሥራ የሚሠራው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ነው፤ ሥራውም ልጁ በሚገባው ቋንቋ አቀላጥፎ እንዲያነብና ያነበበውን እንዲረዳ ማድረግ ነው። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» የተባለው ለትምህርትም ይሠራል።

ማንበብ ሳይችል የሚያልፍ ልጅ

በ2002 ዓ.ም በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች በትምህርታቸው በወቅቱ ቢዘልቁ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2012 ነው፤ አገር ያስደነገጠውን ፈተና ከወሰዱት በሁለት ክፍል ብቻ ይቀድማሉ። በጥር 2015 የሰማነው ውጤት ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ተነግሮን ነበር ማለት ነው።

ክፍተቱ ለምን ሳይታይ ቀረ? በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ተማሪዎች ሳይወድቁ ይሻገሩ ነበር። ሐሳቡ ሕፃናትን በውድቀት ላለማሸማቀቅ ነበር፤ ተከታታይ ምዘናና እገዛ አብረው ካልሄዱ ግን ማንበብ የማይችለው ልጅ ዝም ብሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ልጆች ብልሆች ናቸው። በመጽሐፋቸው ያለውን ምንባብ ጓደኞቻቸው ደጋግመው ሲሉት ሰምተው በቃላቸው ይይዙታል። ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ «ሲያነቡ» ያየ ወላጅ ደስ ብሎት ይተኛል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወላጅ ሊያደርገው የሚገባ ቀላል ፍተሻ አለ። ልጁ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ይስጡት፤ ጋዜጣም የታላቅ እህቱ መጽሐፍም ይሁን። ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ከዚያ «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁት። 3ኛ ክፍል ደርሶ ፊደል እየለቀመ ከሆነ ወይም አንብቦ ትርጉሙን መናገር ካቃተው፣ አስጠኚ የሚያስፈልገው አሁን ነው። በዚህ ዕድሜ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ቢሰጠው ይደርሳል። 11ኛ ክፍል ላይ ግን የኬሚስትሪ አስጠኚ ምንም ቢተጋ፣ ጥያቄውን አንብቦ ለማይረዳ ተማሪ ቀመር ከማስሸምደድ በቀር የሚያደርግለት ጥቂት ነው።

እንግሊዝኛን በኬጂ የመግዛት ፈተና

በከተሞች ብዙ ወላጆች ሌላ መንገድ መርጠዋል። ከገቢያቸው ትልቁን ድርሻ ለግል ትምህርት ቤት ከፍለው ልጃቸው ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንዲማር ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ቤት ውስጥ አማርኛ እንዳይናገር ይከለክላሉ። ስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋውም ራሱን የቻለ አንድ ፈተና ነው። ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱና ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰናከለውም እዚያ ሽግግር ላይ ነው።

ሆኖም ሽግግሩን የሚያሻግረው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተገነባው የማንበብና የማሰብ ችሎታ ነው። ለምሳሌ ትነትን በራሱ ቋንቋ በደንብ የተረዳ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ የሚቀረው የእንግሊዝኛውን ስያሜ መያዝ ነው። ያልተረዳው ግን ቃሉንም ጽንሰ ሐሳቡንም በአንድ ጊዜ ሊማር ይገደዳል፤ ሁለቱም ያመልጡታል። ወላጅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ከልጁ ጋር በሰፊው ቢጨዋወት እንግሊዝኛውን አይጎዳበትም። ከ5ኛ ክፍል በኋላ ደግሞ ቀላል የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን አዘውትሮ ማንበብ ሲጨመርበት ልጁ ለሽግግሩ ይዘጋጃል።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅስ?

«ይህ ሁሉ ለተማረ ወላጅ ነው» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። እናት ጉሊት ውላ ማታ ትገባለች፤ አባት ማንበብ አይችልም። እነዚህ ወላጆች የሚጎድላቸው ምኞት አይደለም። 3 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ለብዙ ዓመታት ሲከታተል የኖረው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት፣ በድሃ ቤተሰቦችም ዘንድ ልጅን ዩኒቨርሲቲ የማየት ተስፋ እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። የሚጎድላቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ነው።

ማንበብ የማይችል ወላጅ ልጁን አስነብቦ መስማት ይችላል። የመብራት ቢሉን፣ የመድኃኒቱን ማዘዣ ልጁ ያንብብለት፤ ያልገባውን ይጠይቀው። ተረት ማውራት ይችላል፤ ተረት የሰማ ልጅ የነገርን መነሻና መድረሻ ማያያዝ ይለምዳል። እንቆቅልሽ መጠየቅ ይችላል፤ በጥቂት ፍንጭ የተሰወረን ነገር መፈለግ፣ በኋላ በአፕቲቲውድ ፈተና ለሚመጣው ማመዛዘን ጥሩ ልምምድ ነው። በጉሊት የምትሸጥ እናት ዋጋ ማስላቱንና መልስ መመለሱን ለልጇ ብትተው፣ ሒሳብ ከመጽሐፍ ወጥቶ እጁ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም በላይ ሴት ልጅን ውኃ ከመቅዳትና እንጀራ ከመጋገር በየማታው ለአንድ ሰዓት ነፃ ማድረግ ይቻላል። ወንድሟ ሲያጠና እሷ ጓዳ የምትውል ከሆነ፣ የፈተናው ውጤት ገና ከቤት ተወስኖባታል።

ጥያቄያችንም መለወጥ አለበት። ሪፖርት ካርድ ሲመጣ አፋችን የለመደው «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ደረጃ ግን ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ በላይ መሆኑን እንጂ ማወቁን አይናገርም፤ አንድም ተማሪ ባላሳለፉት ትምህርት ቤቶችም እኮ አንደኛ የሚወጡ ልጆች ነበሩ። «ዛሬ ምን ገባህ? ያልገባህስ የቱ ነው?» የሚል ወላጅ፣ ልጁ ኩረጃን ሳይሆን ጥያቄን እንዲለምድ ያደርጋል።

የማዘጋጀት ሥራ ዩኒቨርሲቲ በመግባት አያበቃም። በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት የተሰጠውን የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ተምረው ያላለፉ ወጣቶች አሉ። «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» ብሎ ለልጅ ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ምርጫ ከመምጣቱ በፊት ግን ልጁ የሚችለውንና የሚወደውን ማወቅ፣ ሙያው ውስጥ ካሉ ሰዎች ጋር ማገናኘት ይበልጣል። ቴክኒክና ሙያም የወደቀ ልጅ መጣያ ሳይሆን ክብር ያለው ምርጫ መሆኑ በቤት ውስጥ መነገር አለበት።

ሸክሙን ሁሉ ወላጅ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። መጽሐፍ በሌለበት ቤት «አስነብቡ» ማለት አይበቃም። ለልጆች ንባብ መስፋፋት የሠራው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ፣ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች ደጅ ሲያደርስ መንገዱን አሳይቷል። በ2014 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ነገር ነው፤ የገጠሩ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ግን የሚያስፈልገው በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለ አንድ መደርደሪያ የተረት መጻሕፍት ነው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትም ለአጥርና ለመዋጮ ብቻ መሰብሰቡን ትቶ፣ በየዓመቱ «ስንት የ2ኛ ክፍል ልጆቻችን ማንበብ ይችላሉ?» ብሎ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቅ፤ ቁጥሩም በግልጽ ይነገር። የ12ኛ ክፍልን ውጤት በየዓመቱ በቴሌቪዥን የምትጠብቅ አገር፣ የ2ኛ ክፍሉን ንባብ በዚያው ጉጉት መጠበቅ ስትጀምር ውጤቱ መለወጥ ይጀምራል።