ጎጆ የወጡ ወጣቶች ለምን ወደ ከሚሴ አይሄዱም?

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር ሰው በወር 11,500 ብር ይከፈለዋል። ቀድሞ 6,940 ብር ነበር። ጭማሪው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ጀማሪ መምህር ከደመወዙ ትልቁን እጅ ለአከራዩ ያስረክባል፤ የተረፈውን ለታክሲና ለአስቤዛ ያብቃቃል። ያው መምህር አነስተኛ ከተማ ቢመደብ የደመወዝ እርከኑ አይለወጥም። የሚለወጠው ኪራዩ ነው።

ይህን ስሌት ከማንም በላይ የሚያውቁት ወልደው ማሳደግ የጀመሩ ባልና ሚስት ናቸው። ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ከዋጋው በፊት የሚመጣባቸው ጥያቄ "ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ?" የሚል ነው። ልጅ ካለ ውሃ ይበዛል፣ ግቢ ይረበሻል ተብሎ በሩ ይዘጋባቸዋል፤ ወይም ኪራዩ ላይ ይታከልባቸዋል። ስድስት ወር ሳይሞላ ደግሞ "ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ" ይባላሉ። በ2005 በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሕዝብ ከ900 ሺህ በላይ ነበር። በ2015 ኅዳር ዕጣ የወጣባቸው ቤቶች ግን 25 ሺህን ጥቂት ቢያልፉ ነው። በ2005 ጎጆ ሊወጣ ሲል የተመዘገበ ወጣት ዛሬ ልጁን ትምህርት ቤት እያደረሰ ዕጣ የሚጠብቅ አባወራ ሆኗል።

መንግሥት ዝም አላለም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳያልፍ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በተቆጣጣሪው አካል ተወስኖ እንዲደረግ ደንግጓል። መልካም አዋጅ ነው፤ ተከራይን ከድንገተኛ መፈናቀል ይጠብቃል። ያልተሠራን ቤት ግን አዋጅ አይሠራውም። ለዚህ ነው ጥያቄው ከአዲስ አበባ ውጭ መታየት ያለበት። ኪራዩ የሚቀመስበት፣ ልጅ ደጅ ወጥቶ የሚጫወትበት፣ ጎረቤት ስም ጠርቶ ሰላም የሚልበት ከተማ በዚህ አገር ሞልቷል። ወጣት ቤተሰቦች ወደነዚህ ከተሞች የማይሄዱበትን ምክንያት ለማየት ደግሞ ከሚሴን ያህል ጥሩ ማሳያ አይገኝም።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ያለፈ መንገደኛ ከሚሴ የሚደርሰው ጃኬቱን አውልቆ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ቆላማ ነው። በአቅራቢያዋ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ ተንጣልሏል። በጋው ሲከፋ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ከብቱን ነድቶ ወደ ጨፋ ይመጣል። የዙሪያው ገበሬ ጤፍና ማሽላ ያመርታል፣ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ማሾም ይዘራል። እህሉ ከማሳ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ነጋዴ ሳይቀባበለው ነውና የጓዳ ወጪ በዚያው ልክ ይቀላል።

የአካባቢው ሰው እንግዳ መቀበል ያወቀበት ትናንት አይደለም። እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ የሚቆመውን ገበያ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይውላሉ፤ ሻጩ ዋጋውን በኦሮምኛ ጠርቶ በአማርኛ ይከራከራል፣ ግመል ሊሸጥ የመጣው ደግሞ በአፋርኛ ከጓደኛው ጋር ተማክሮ ይመለሳል። በጋብቻ የተሳሰረው፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች በየበዓላቸው የሚጠራሩበት፣ ከሚሴም ያለችበት ወሎ ማለት ይህ ነው።

ለአዲስ ቤተሰብ ትልቁ ነገር ቅሬ ነው። አዲስ አበቤው እድር የሚለውን ወሎዬው ቅሬ ይለዋል። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ቅሬ ከገባበት ዕለት ጀምሮ ባይተዋር አይባልም፤ ሐዘን ቢደርስበት ቀባሪ አያጣም፣ ሰንብቶም ጎረቤቱ ምግብና ቡና ይዞ ይመጣለታል። ሚስት ብትወልድ አራስ ጠያቂው ብዙ ነው። ባል መስክ ቢወጣ ልጁን ከትምህርት ቤት የምታመጣ ጎረቤት አትጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ለሞግዚት የሚከፈለውን ገንዘብ ያሰበ ሰው የዚህ ዋጋ ይገባዋል። ጠብ ሲነሣም ሽምግልናው ቅርብ ነው፤ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች የተጣላውን በዱዓ አስቀምጠው፣ ደም የተቃባውን በካሣ አስታርቀው ያስማማሉ።

እንግዲህ ቤቱም አለ፣ ጎረቤቱም አለ። የጎደለው የመንግሥት አቀባበል ነው። ይህ አምድ የሚሟገተውም ለዚህ ነው፦ ሕዝቡ ክፍት ያደረገውን በር መንግሥት በወረቀት፣ በትምህርት ቤትና በመንገድ ይዘጋዋል።

ከወረቀቱ እንጀምር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመመሥረት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ኑሮው ላይ ግን ከሕገ መንግሥቱ ቀድሞ የሚመጣው መሸኛ ነው። ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ያላመጣ ሰው በአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ብዙ አገልግሎት ያመልጠዋል። ተከራይቶ የኖረ ሰው መሸኛ ለማውጣት ያከራየውን ሰው ጭምር መለመን ይኖርበታል። ብሔር የሚጻፍበት መታወቂያ ደግሞ ስንቱን ሰው በየኬላው እንዳሸማቀቀ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብሔር የማይጠይቀው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በ2015 በአዋጅ ሲቋቋም ትልቅ ተስፋ ይዞ መጥቷል። ቀበሌዎች ፋይዳ ያለውን ሰው ያለ መሸኛ ቢመዘግቡ አንድ ቤተሰብ የአንድ ወር ደጅ ጥናት ይቀርለታል። ይህ ደግሞ ከካዝና ብር የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

ዝውውሩም እንዲሁ ነው። መምህርትና ነርስ የሆኑ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ እንሂድ ቢሉ ደመወዛቸው አገር አቀፍ ቢሆንም የሥራ መደባቸው የክልል ነው። ከክልል ክልል ለመሻገር በቅያሪ የሚመጣላቸው ሰው መፈለግ አለባቸው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቅያሪ ማግኘታቸው የዕድል ጉዳይ ነው። አንዱ ሥራ ለቆ እንዲከተል ከተገደደ ደግሞ በኪራይ የተረፈው በደመወዝ ይቀርና ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ከቶኪዮ ወጥተው በክፍለ አገር ለሚሰፍሩ ቤተሰቦች የሚሰጠውን ድጎማ በአንድ ልጅ ከ300 ሺህ የን ወደ 1 ሚሊዮን የን አሳድጓል። ኢትዮጵያ ያን ገንዘብ የላትም። አዲስ አበባ የሚያጨናንቃትን፣ ከሚሴ የሚያስፈልጋትን ነርስ በአንድ ደብዳቤ ማዛወር ግን ትችላለች።

የትምህርት ቤቱ ነገር ይበልጥ ስስ ነው። በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ይህም የሕዝቡ መብት ነው፣ ማንም ሊቀንስበት አይገባም። ይሁንና አዲስ አበባ በአማርኛ ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከሚሴ ሲገባ ቁቤን ሀ ብሎ ይጀምራል። ለልጁ ይህ ሸክም ሳይሆን ትርፍ ሊሆን ይችል ነበር፤ በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ነገ የትኛውም መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ሰው ነው። ግን ድልድይ ያስፈልገዋል። ክረምት ላይ ለመጤ ልጆች የቋንቋ ክፍል መክፈት፣ በመጀመሪያው ዓመት በአማርኛም እንዲፈተኑ መፍቀድ የማይቻል አይደለም። ከደጋ የመጣ ልጅ በሰንበቴ ገበያ ኦሮምኛ የሚለምደው በሳምንታት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው አብሮት ያልሮጠው።

ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። በ2011 መጋቢት መጨረሻ በአጣዬ፣ በካራ ቆሬ፣ በማጀቴና በከሚሴ ዙሪያ ደም ፈሰሰ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ የባሰው መጣ፤ አጣዬ አብዛኛው ክፍሏ ተቃጠለ፣ በሰሜን ሸዋም በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ያ ሐዘን ሳይበርድ በ2014 ጥቅምት ማብቂያ የሕወሓትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ታጣቂዎች ከሚሴ ገቡ፤ የመንግሥት ኃይል ከተማዋን መልሶ የያዘው በኅዳር ማገባደጃ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ የደሴ መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ሲዘጋ ኖሯል።

ለሟቹ ሁሉ ማልቀስ ሲገባ ሰው ለወገኑ ብቻ ማልቀስ ጀመረ፤ ጉዳቱን ያከፋው ይህ ነው። አጣዬ ያለው አማራ ከሚሴን በጥርጣሬ፣ ከሚሴ ያለው ኦሮሞ አጣዬን በጥርጣሬ እንዲያይ የሆነው እነዚሁ ሰዎች በአንድ ገበያ ውለው፣ በአንድ መኪና ተሳፍረው ከሚገቡበት ኑሮ ውስጥ ነው። አበጋሮቹ አሁንም ሲቀመጡ ሰው ይሰበሰብላቸዋል፤ ክላሽ የያዘውን ለማስቀመጥ ግን ከዱዓው ጎን ሕግ መቆም አለበት። እናት ልጇን ታቅፋ ልትሳፈር ስትል የምትጠይቀው ኪራይ ስንት ነው ብላ አይደለም። መንገዱ ደህና ነው ወይ ትላለች።

ወሎ የመሄድን ዋጋ ከማንም በላይ ከፍሏል። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ከወሎ ብዙ ቤተሰብ ወለጋ ገባ። መሬቱ ለም ነበር፤ ሰፋሪው ቡና ተከለ፣ ልጅ ዳረ፣ ጎረቤት አፈራ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ቶሌ የተጨፈጨፉት አብዛኞቹ የእነዚሁ ሰፋሪዎች ቤተሰቦች ነበሩ። ከወለጋ የተፈናቀሉት ዛሬም ደብረ ብርሃንና ሐይቅ አጠገብ ጃሪ በመጠለያ ይኖራሉ። ያ ጉዞ በመንግሥት ትእዛዝ፣ አሁን የምንነጋገርበት ደግሞ በቤተሰብ ምርጫ መሆኑ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቢሆንም ለም መሬትና ደግ ጎረቤት ብቻውን ቤተሰብን እንደማያቆይ ወሎ ልጆቹን ቀብሮ ያወቀው ነገር ነው።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። አዲስ አበቤውን ትቀበላለች የምትባለው ከሚሴ የራሷን ወጣቶች ማቆየት አልቻለችም። ከዞኑና ከአጎራባች ወረዳዎች ወጣቱ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየመን አድርጎ ሳዑዲ ይሻገራል፤ ሴቶቹ ለቤት ሠራተኝነት፣ ወንዶቹ ለእረኝነትና ለቀን ሥራ። በ2006 ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። በየከተማው የሚታየው አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ የብሎኬት ቤት የዚያ ላብ ነው። የሚከራየው ክፍል የተሠራው እናቱን በስልክ በሚያውቅ፣ አያቱ ባሳደገችው ሕፃን ዋጋ ነው።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቤተሰብና ከከሚሴ የሚሰደደውን ወጣት ለያይቶ ማየት አይቻልም። የሁለቱም ጥያቄ ሥራ ነው። ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ ይህ ተስፋ ነበር። ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ፤ በ2014 ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል አስወጣች፤ ተስፋው ቀዘቀዘ። ፓርኩ ዳግም ሲያንሰራራ ሠራተኛው ኮምቦልቻ ላይ ብቻ ሳይከማች ከከሚሴና ከሐርቡ ተመላልሶ እንዲሠራ የማለዳና የማታ አውቶቡስ መመደብ ለሁለቱም ከተሞች ይበጃል። ማሾው በጆንያ ተጭኖ ከመሄዱ በፊት እዚያው ቢበጠርና ቢታሸግ ደግሞ ሳዑዲ ልትሄድ ሻንጣ ያዘጋጀች ልጅ እናቷ ቤት እያደረች ደመወዝ ታገኛለች።

መጠኑን ለማቀድ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ቁጥሩም አርጅቷል። አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ነው። ያኔ ዞኑ 457 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበረው፤ ከሚሴ ከተማ ደግሞ 20 ሺህ እንኳ አልሞላችም። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚመደብ የውሃ፣ የክፍልና የሐኪም በጀት ለነባሩም ለመጤውም አይበቃም። ቆጠራው እስኪደረግ የከተማው አስተዳደር ከየቅሬው መዝገብ ተነሥቶ ቤተሰቡን ሊቆጥር ይችላል፤ ቅሬ አባሉን አንድ በአንድ ያውቃል። የዞኑ ትምህርት መምሪያ የክረምቱን የቋንቋ ክፍል፣ የክልሉና የአዲስ አበባ የሚመለከታቸው ቢሮዎች የባልና ሚስት ዝውውርን በአንድ ደብዳቤ የሚያስፈጽም ስምምነት ከመጪው መስከረም ምዝገባ በፊት ቢጨርሱ፣ ዘንድሮ ልጃቸውን የት እናስገባ እያሉ ለሚጨነቁ ወላጆች ይደርስላቸዋል። የደሴን መንገድ ሌት ተቀን ክፍት የማድረጉ ሥራ ግን ከከሚሴም ከባሕር ዳርም በላይ ነው፤ እሱን መመለስ ያለበት የፌዴራል መንግሥቱ ነው።