ባሕር ዳር ስንት ሰው ይኖርባታል? የሕዝብ ቆጠራ መዘግየትና ያስከተለው ጫና

ባሕር ዳር፦ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም ነው። በዚያ ወር የተወለደ ሕጻን ዛሬ ለአቅመ መምረጥ ደርሷል። ሆኖም በከተማም በገጠርም ትምህርት ቤት፣ የመጠጥ ውኃና የጤና ተቋም ሲታቀድ መነሻ የሚሆነው አሁንም ከዚያ ቆጠራ የተሰላ ግምት ነው። ግምቱ ከእውነታው በራቀ መጠን ዕቅዱም ከሕዝቡ ፍላጎት ይርቃል። ጉዳቱን የሚሸከመው ደግሞ ውኃ የሚጠብቀው የከተማ ነዋሪና ታማሚውን በቃሬዛ የሚያመላልሰው አርሶ አደር ነው።

የባሕር ዳር ታሪክ የችግሩን ስፋት በግልጽ ያሳያል። በ1976 ዓ.ም በተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ከተማዋ 54 ሺህ 800 ነዋሪዎች ነበሯት። በ1987 ዓ.ም ቁጥሩ 96 ሺህ 140፣ በ1999 ዓ.ም ደግሞ 155 ሺህ 428 ደረሰ። በ23 ዓመታት ውስጥ የነዋሪው ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የከተማዋን ነዋሪ ቤት ለቤት ሄዶ የቆጠረ የለም።

ከ1999 እስከ 2017 ዓ.ም ያሉትን 18 ዓመታት በስሌት መሙላት ይቻላል፤ ውጤቱ የሚወሰነው ግን በተመረጠው የዕድገት መጠን ነው። ከተማዋ በየዓመቱ በ3 በመቶ አድጋለች ከተባለ ነዋሪዋ 264 ሺህ ገደማ ይሆናል። በ5 በመቶ አድጋለች ከተባለ ደግሞ 374 ሺህ ገደማ ይደርሳል። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው የ110 ሺህ ሰው ልዩነት በ1987 ዓ.ም ከነበረው የከተማዋ ጠቅላላ ነዋሪ ይበልጣል። በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰዎች አገልግሎት ይሰጣል በሚለው የጤናው ዘርፍ መመዘኛ ሲለካም ልዩነቱ ወደ ሦስት የሚጠጉ ጤና ጣቢያዎች ማለት ነው።

ትንበያ በራሱ ስሕተት አይደለም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በቀድሞ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መጠንን መነሻ አድርጎ በየዓመቱ እስከ ወረዳ ድረስ የሕዝብ ቁጥር ትንበያ ያወጣል። ትንበያ ግን ሁለት ቆጠራዎችን የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ማዶው በራቀ ቁጥር ድልድዩ የሚሸከመው ጫና ይበዛል። በተለይም ፍልሰት በዓመት ውስጥ የአንድን ቀበሌ መልክ ሊቀይር ስለሚችል አስቀድሞ ለመተንበይ አዳጋች ነው።

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚነካው የመቶኛ ሪፖርት ነው። ለአብነት ያህል፣ አንድ ቀበሌ በትንበያ 6 ሺህ ነዋሪ አለው ይባል፤ በእርግጥ የሚኖርበት ግን 8 ሺህ ሰው ይሁን። ንጹሕ ውኃ የሚያገኙት 4 ሺህ 800 ሰዎች ቢሆኑ ሪፖርቱ የውኃ ሽፋኑ 80 በመቶ መድረሱን ያበሥራል። እውነተኛው ሽፋን ግን 60 በመቶ ነው። ሪፖርት አቅራቢው አልዋሸም፤ የውኃ ተጠቃሚውንም በትክክል ቆጥሯል። የተሳሳተው የሚካፈልበት ቁጥር ነው። የክትባት ሽፋን አንዳንድ ጊዜ ከመቶ በመቶ በላይ ሆኖ የሚመዘገበውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ሕዝቡ የፈለሰበት ቀበሌ ሥራው ሳይጓደል ሽፋኑ ዝቅተኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የሰብል ምርት አኃዝም ከዚህ ነጻ አይደለም። በየዓመቱ የሚካሄደው የግብርና ናሙና ጥናት ለረጅም ዓመታት ናሙናውን ሲመርጥ የቆየው በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ከተዘጋጀው የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው። አንድ የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 አባወራዎችን እንዲይዝ ሆኖ የተከለለ ነበር። ዛሬ አንዳንዱ ቦታ ከተማ ሆኗል፤ በሌላው ደግሞ የአባወራው ቁጥር ጨምሮ የእርሻ መሬቱ ለልጆች ተከፋፍሏል። ዝርዝሩ ካልታደሰ የምርት ግምቱም ይዛባል።

የጣና ዳርቻ ለቆጣሪም ለተንባይም ቀላል አካባቢ አይደለም። ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ደንቢያ ባሉት ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች በእርሻ ወቅት ወደ መተማ አካባቢ የሰሊጥ ማሳዎች ይሄዳሉ። በ1999 ዓ.ም ከ228 ሺህ በላይ ሕዝብ የተቆጠረባት ፎገራ ደግሞ በሩዝ አጨዳ ጊዜ የቀን ሠራተኞችን ትስባለች። እንደ ደቅ ባሉ ደሴቶች የሚኖረውን ሕዝብ ለመቁጠር በጀልባ መጓዝ ይጠይቃል። የቆጠራው ወቅት ካልታሰበበትና “ነዋሪ” የሚባለው ማን እንደሆነ በግልጽ ካልተበየነ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ሊቆጠር፣ ሌላው ጨርሶ ሊዘለል ይችላል።

የአማራ ክልል ሕዝብ የቆጠራን ውጤት በጥያቄ ዓይን እንዲመለከት ያደረገው ቅርብ ታሪክም አለ። የክልሉ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም 13.8 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ዓ.ም 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ይህም አስቀድሞ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ ያነሰ ነበር። አገራዊው ዓመታዊ ዕድገት 2.6 በመቶ ሲሆን የአማራ ክልል 1.7 በመቶ ብቻ ነው መባሉ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር ጥያቄ አስነሣ። የወሊድ መጠን መቀነስ፣ ኤች አይ ቪ ኤድስና ወደ ሌሎች ክልሎች የሚደረግ ፍልሰት በምክንያትነት ሲጠቀሱ፣ ያልተቆጠረ ሕዝብ አለ የሚለው ክርክርም ቀጠለ። ሕዝቡ ሊያምንበት የሚችል ማብራሪያ ከውጤቱ ጋር ካልቀረበ ቁጥር ብቻውን መተማመንን እንደማይፈጥር ይህ አጋጣሚ አሳይቷል።

ጥርጣሬው በአገር ደረጃም ይታያል። ለ2015 ዓ.ም የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ተቋም ትንበያ የኢትዮጵያን ሕዝብ ከ107 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ ያወጣው ትንበያ ደግሞ ለዚያው ዓመት ከ126 ሚሊዮን በላይ ይለዋል። ልዩነቱ በ1999 ዓ.ም ከተቆጠረው የአማራ ክልል ጠቅላላ ሕዝብ ይበልጣል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ የምርጫ ክልሎች አከላለልም የቆጠራውን ውጤት መሠረት እንዲያደርግ ይደነግጋል። የሕዝብ ብዛት ለክልሎች በሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ ቀመር ውስጥም ድርሻ አለው። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም እንዲካሄድ ታቅዶ ተራዘመ፤ በወረቀት ፋንታ በታብሌት መረጃ ለመሰብሰብ ዝግጅት ከተደረገ በኋላም በሰኔ 2011 ዓ.ም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው በጸጥታ ችግርና በመፈናቀል ምክንያት ዳግም አራዘሙት። ተከትለው የመጡት የኮሮና ወረርሽኝ፣ ጦርነትና በአማራ ክልል የተፈጠረው የሰላም እጦት ሥራውን ይበልጥ አክብደውታል።

ጎረቤት ኬንያ በነሐሴ 2011 ዓ.ም ሕዝቧን በታብሌት ቆጥራ ሦስት ወር ሳይሞላ 47.6 ሚሊዮን መሆኑን አስታውቃለች። ይሁንና በሰሜን ምሥራቅ አውራጃዎች ውጤት ላይ ክርክር ተነሥቷል። ቴክኖሎጂ ሥራውን ያፋጥናል፤ ውጤቱን ተአማኒ ለማድረግ ግን ብቻውን አይበቃም።

እስከ ቀጣዩ ቆጠራ ድረስ ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። ቀዳሚው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ምዝገባው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረ ሲሆን፣ በሕጉ መሠረት ልደት በ90 ቀናት፣ ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ ሊመዘገብ ይገባል። ቤተሰብ ልጁን በቀበሌው ሲያስመዘግብ የልደት የምስክር ወረቀት ከማግኘቱ ባሻገር የአካባቢውን ቁጥር ያስተካክላል። ምዝገባ ግን ቆጠራን አይተካም፤ ወደ ከተማ የገባውንና ከከተማ የወጣውን ሁሉ አይዝምና።

ሁለተኛው የቁጥር አቀራረብ ነው። በ1999 ዓ.ም የባሕር ዳር ከተማ 155 ሺህ ነዋሪ ሲኖራት፣ ጢስ ዓባይን፣ መሸንቲንና ዘጌን ጨምሮ የባሕር ዳር ልዩ ዞን 221 ሺህ 991 ነዋሪ ነበረው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጥቀስ ግን ስሕተት ነው። ስለሆነም ለሕዝብ የሚቀርብ ማንኛውም የሕዝብ ቁጥር አራት ነገሮችን ይዞ መውጣት ይኖርበታል፦ ተቆጥሮ ነው ወይስ ተተንብዮ፣ የየትኛው ዓመት ነው፣ የትኛውን ወሰን ይሸፍናል፣ ማንስ አዘጋጀው?

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ለባለሙያ ብቻ የተተወ አይደለም። በቀበሌ ስብሰባ “የውኃ ሽፋናችን 80 በመቶ ደርሷል” ሲባል “ለስንት ሰው ተካፍሎ?” ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። የወረዳና የከተማ አመራሮችም ሪፖርታቸውን ሲያቀርቡ የሕዝቡን ቁጥር ከምንጩና ከዓመቱ ጋር ቢገልጹ፣ ቀጣዩ ቆጣሪ በር ሲያንኳኳ የሚያገኘው ሕዝብ ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የተረዳ ይሆናል።